ማር ማር የሚለው በሶ

በጭልፋ መርከብ የምሳ ደወል ሲደወል ሰው ሁሉ ተሰልፎ መዳፉን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ግድግዳው መዳፉን አይቶ የማን እንደሆነ ይለይና በሶውን በጥብጦ በኩባያ ይሰጠዋል። አንዱ ብረት ጎድሎት ከሆነ ብረት ይጨምርለታል። አንዷ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እሷ ራሷ ሳታውቅ ግድግዳው ቀድሞ ያውቅና የሚያስፈልጋትን ያደርግላታል፤ በዚህ የተነሳ የአንዳንዷ እርግዝና ከባሏ በፊት ለምሳ ሰልፈኛው ይሰማል። በመስኮቱ በኩል የሳተርን ቀለበት እንደ ተዘረጋ ነጠላ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዞር ብሎ የሚያየው ግን የለም። በረዶ ነው። የመጡት ያንን በረዶ ሊቀዱ ነው፤ መርከቧንም ጭልፋ ያሰኛት ይኸው ሥራዋ ነው።

ይህን ግድግዳ የመርከቡ ሰው «መጋቢው» ይለዋል። ጠባቂዋ ዘርፌሽዋል ናት። ስድሳን አልፋለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ከእግሯ በታች የሚነዝረው ወለል ሁልጊዜ ሊሰነጠቅ የደረሰ ይመስላታል። ጠዋት ጠዋት የመጋቢውን ሆድ ከፍታ ጠርሙሶቹን ትፈትሻለች። «ጎምዛዛው» የሚሉት ጠርሙስ ላይ ስትደርስ ግን ደግማ ደጋግማ ታየዋለች። ጎምዛዛው ቫይታሚን ሲ ነው። እሳት አይችልም፤ ሲሞቅ ይጠፋል። ስለዚህ የቁርሱ ገንፎና የራቱ ወጥ ውስጥ አይገባም፤ በቀን አንድ ጊዜ በቀዝቃዛው በሶ ብቻ ይታደላል። ሰውነትም ለክፉ ቀን ብሎ አያከማቸውም፤ ትንሽ ይዞ የተረፈውን በሽንት ይሸኘዋል። አንድ ቀን ቢያልፍ ምንም አይደል። ወራት ካለፉ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ መርከቡ የአትክልት ክፍል ነበረው፤ ጎመኑም ቃሪያውም ቲማቲሙም እዚያው ይበቅል ነበር። እዚያ ክፍል ሎሚ ያጸደቀችው የዘርፌሽዋል ልጅ ስንዱ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ክፍሉ በእሳት ተያያዘ። የበሮቹ ኃላፊ ኢንጂነር ደርቤ ሮጦ ደረሰና በሩን ዘጋው። እሳቱ ወደ ቀሪው መርከብ አልዘለቀም። ስንዱ ውስጥ ቀረች። ትንሿ ልጇ ትርሲት በሩ ሊገጥም ሲል ጉልበቷን ተቃጥላ እየዳኸች ወጣች።

ምርመራ ተደረገ። «ባይዘጋው ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር» ተባለ። እውነት ነው፤ ዘርፌሽዋልም እውነት መሆኑን ታውቃለች። ልጇ ለሞተባት እናት ግን እውነት ምን ያደርግላታል? የምትጎርሰው፣ የምትለብሰው ነገር አይደለም።

ደርቤ በሩን ሲገፋ የጋለው ብረት ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ ልጦት ነበር። ቁስሉ ዳነና የሚያብረቀርቅ ጠባሳ ሆነ። ለምሳ መዳፉን ሲለጥፍ እጅጌው ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ ያ ጠባሳ ፊቷ ላይ ይገተራል። በየቀኑ። «የሱ ዳነ» ትላለች በልቧ። «የሱ ዳነ፤ የኔዋ አመድ ሆነች።»

ለዚህ ሥራ ስትሠለጥን ከተነገራት ብዙ ነገር መካከል አንዱ ከአእምሮዋ አልጠፋም። አስተማሪዋ «ጠባሳ ድንጋይ እንዳይመስላችሁ» ብላቸው ነበር። ሥጋን ከሥጋ የሚያስር ኮላጅን የሚባል ገመድ አለ፤ ቆዳውን፣ ድዱን፣ የደም ሥሩን፣ አጥንቱን ሳይቀር ሰፍቶ የያዘው እሱ ነው። ገመዱ ያረጃል፤ ሰውነት አዲስ ይገምዳል። ሲገምድ ጎምዛዛው ከሌለ አይጠብቅለትም፤ እንደ ረጠበ ክር ይላላል። የጠባሳ ገመድ ደግሞ ከሌላው ሁሉ ቶሎ የሚያረጀው ነው። ጎምዛዛው ለወራት የተቋረጠበት ሰው፣ በልጅነቱ የዳነ ቁስሉ እንኳ አፉን ይከፍታል።

አፉን ይከፍታል። ያኔ ደንግጣ ነበር የሰማችው። ከስንዱ በኋላ ግን ይህችን ቃል አልጋዋ ላይ ተኝታ እንደ ከረሜላ ታላምጣት ጀመር።

ይሙት አላለችም። መሞት መገላገል ነው። ይከፈትበት ነው ያለችው። ያቺ ክፍል ስትነድ የተቀበለው ቁስል እንደገና ይድማ፤ ለምን እንደደማም ሳያውቅ ይኑር።

አንድ ቀን የመጋቢውን ሆድ ከፈተችና የደርቤን መዳፍ ጠርታ ጎምዛዛውን ወደ ባዶ አወረደችበት። መጋቢው «ምክንያት?» ሲል ጠየቃት። «ጨጓራ» አለችው። ጨጓራ ለሚያመው ሰው ጎምዛዛው ይቀነሳልና መጋቢው አመናት። ከዚያ በሶው ላይ የማር ቃና ጨመረችበት። ጎምዛዛ ሲጠፋ ሰው ምነው ይላል፤ ማር ሲመጣ ግን ማን ይጠይቃል?

የሚያሰጋት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የመጋቢው ሕግ ሁሉም የራሱን ኩባያ ብቻ ይጠጣ ይላል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ግን የኛን ሰው ገበታ አይተውት አያውቁም። የጭልፋ ሰው ጎረቤቱን ሳያቀምስ አይጠጣም። «እስቲ ያንተን ልቅመሰው»፣ «በሞቴ አንዴ ፉት በይልኝ» ሳይባባል ምሳ አይጨርስም። መጋቢው ለክቶ የሰጠው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ይደበላለቃል። ደርቤን ግን በሞቴ የሚለው የለም። ከእሳቱ ወዲህ ኩባያውን ይዞ ወደ በር ማደሻው ክፍል ይሄድና ብቻውን ይቀመጣል። ሰው ጠልቶት አይደለም፤ እሷን ፈርቶ ነው። እሷ እያየች ከደርቤ ጋር የሳቀ ሰው በሶው ለሳምንት ውኃ ውኃ እንደሚል ሁሉም ያውቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ደርቤ ከሰልፉ ላይ ቆም አለ።

«እትዬ ዘርፌ፣ በሶዬ ምነው ማር ማር አለኝ?»

«ማሽኑ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጠዋ እንግዲህ፣ ማሽኑን።»

«ጠጣ» አለችው፣ ዓይኗን ከጠባሳው ሳትነቅል።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ደርቤ ግን ጭራሽ ፊቱ ወዛ። በየወሩ ሰው ሁሉ መዳፉን የሚያስቀምጥበት የደም መስታወት የሚሉት መሣሪያ አለ፤ በደም ውስጥ ያለውን በቀለም የሚያሳይ ነው። እሱም ስለ ደርቤ ክፉ አልተናገረም። ጎምዛዛውንማ መስታወቱ አያሳይም፤ የሠሩት ሰዎች መጋቢው ይለካው የለ ብለው ትተውታል። ዘርፌሽዋል ድዱን ማየት ፈለገች፤ በሽታው መጀመሪያ የሚታየው ድድ ላይ ነው። ደርቤ ደግሞ እሷ ፊት ጥርሱን ገልጦ አያውቅም። ስለዚህ ቀልድ ነገረችው።

በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሁለት ቃል ያለፈ ነገር ስትነግረው የመጀመሪያዋ ነበር። ቀልዱ አንዲት ሴት ባሏን ከበረዶ ጋር አሳስታ ስለቀዳችው ነው፤ እምብዛም አያስቅም። ደርቤ ግራ ገብቶት ወዲያ ወዲህ አየና ሳቀ። ድዱ የሕፃን ድድ ይመስላል፤ አንዲት የደም ጠብታ የለችበትም።

«ክፉ ሰው በሽታም ይፈራዋል» አለች ዘርፌሽዋል ለራሷ።

ትርሲት ደግሞ በዚያው ሰሞን ነገር ዓለሟ ጠፋ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ በመተላለፊያው ላይ እየዘለለች ስትሄድ ጫማዋ ከሩቅ ይሰማ ነበር። አሁን ግድግዳ ተደግፋ ነው የምትሄደው። «እግሬን» ትላለች። ዘርፌሽዋል በካልሲ ላይ ካልሲ አለበሰቻት፤ ባቷን በዘይት አሸችላት። አስተማሪዋን ሄዳ «ልጄን ብዙ አታስቁሚብኝ» አለቻት። ወለሉን ረገመች፤ መርከቧ በፍጥነት እየተሽከረከረች የሰውን ክብደት ጨምራለች ብላ ለአዛዡ አመለከተች። ልጅቷ ባቷ ላይ ቁንጫ የነከሳት የመሰሉ ቀያይ ነጥቦች አወጣች፤ እዚህ ቁንጫ ከየት ይመጣል? አንድ ጠዋት ዘርፌሽዋል የልጅቷ ትራስ ላይ ደም አየች። ከአፏ ነው። ወዲያው ወደ ሐኪሙ ወሰደቻት።

የልጅቷን ኩባያ አልጠረጠረችም። እንዴት ትጠርጥር? የትርሲትን ልክ በገዛ እጇ ነው የምታስተካክለው፤ ጎምዛዛው ከሌሎቹ ልጆች ትንሽ ከፍ ይልላታል እንጂ አያንስም። መጋቢውም ልጅቷ በየቀኑ መዳፏን ለጥፋ በሶዋን እንደወሰደች ይመሰክራል።

ሐኪሙ ዶክተር ሚልክያስ ወጣት ነው፤ እጁ ለስላሳ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ። ልጅቷን ደጋግሞ አያትና ዘርፌሽዋልን ወደ መጋረጃው ጥግ ጠራት።

«እትዬ ዘርፌ፣ ደሟ በጣም ወርዷል። የደም ሥሯም ደም አልይዝ ብሏል። እኔን የሚያስፈራኝ መቅኒዋ ነው።»

«መቅኒዋ ምን ሆነ?»

«ደሟን የሚሠራው እሱ ነው፤ የታመመ ይመስለኛል። ነገ እናቃጥለውና ከራሷ በወሰድነው ዘር እንደ አዲስ እናበቅለዋለን።»

«ታቃጥለዋለህ?»

«አማራጭ የለኝም።»

«የልጄን ልጅ ልታቃጥልብኝ ነው?»

ሚልክያስ ቃሉን በመምረጡ ተጸጸተ፤ ፊቱ ላይ ይታያል። «ሕመም እንዳይሰማት አደርጋለሁ፣ እትዬ» አለ። ሁሉም ልጅ ግን እንደማይተርፍበት አልደበቃትም።

ልጅቷን ለነገ ሊያዘጋጇት ልብሷን ሲያወልቁላት ካልሲው ጉልበቷ ላይ ተጣብቆ እምቢ አለ። ዘርፌሽዋል በለብ ያለ ውኃ አራሰችውና ቀስ ብላ ገፈፈችው።

የጉልበቷ ጠባሳ ተከፍቷል።

ከእሳቱ ዕለት ጀምሮ ድኖ የነበረው ቁስል፣ ጫፍና ጫፉ ተለያይቶ፣ ውስጡ ቀይ ሆኖ ወደ ላይ ያያል። ማንም አልመታውም። እንዲሁ ነው የላላው። ሚልክያስ ጎንበስ ብሎ «ይኼ ደግሞ መቼ መጣ?» አለ። ዘርፌሽዋል ግን ይህን ቁስል ታውቀዋለች። በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ለወራት ስትመኘው ነው የኖረችው። የተመኘችው ግን በሌላ ሰው ክንድ ላይ ነበር።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ትርስዬ» አለች። «ምሳ ላይ በሶሽን ማን ነው የሚጠጣው?»

ትርሲት ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበች።

«አልቆጣሽም።»

«ትቆጫለሽ።»

«ስንዱ ትሙት፣ አልቆጣም።»

እናቷ ቀድሞ የሞተች ልጅ በእናቷ ሞት ሲምሉላት ግራ ይገባታል። ትርሲት ትንሽ አሰበችና፣ «ጋሼ ደርቤ» አለች። «ያንቺ በሶ ይጎመዝዛል፤ ጥርሴን ያጠርሰዋል። የሱ ማር ማር ይላል። እኛ ኩባያችንን ይዘን ወደ ክፍል ስንሄድ የበር ማደሻው ጋ እሱ አለ። አንድ ቀን አቀመሰኝ። ከዚያ በቃ፣ እንለዋወጣለን።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እዚያ ሰውዬ ዘንድ ምን ልሁን ብለሽ ነው የምትቆሚው?»

«ስለ እማዬ ይነግረኛል። ሎሚዋን እንዴት እንደምታናግራት ይነግረኛል። አንቺን ስጠይቅሽ ታለቅሻለሽ።»

ቀና ስትል ደርቤ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷን ሊጠይቅ የመጣ ነው፤ በእጁ የወረቀት አበባ ይዟል። የመጨረሻውን ሰምቷል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር» አለ ደርቤ። «ሕጉ አንድ ሰው ለአንድ ኩባያ እንደሚል አውቃለሁ። ልጅ ናት፤ ጣፋጭ ወደደች። እምቢ ማለት አቃተኝ።»

ሚልክያስ ግንባሩን አሸ። «ኩባያ መለዋወጥ ምን ይጎዳታል? የአንተ ከሷ ይበልጣል እንጂ አያንስ። እንዲያውም ትወፍር ነበር።» ወደ ዘርፌሽዋል ዞረ። «አይደለም እንዴ፣ እትዬ?»

ቀላል ነበር። «አዎ» ብትል በቃ። ማታውኑ ጎምዛዛውን በድብቅ ለልጅቷ አጠጥታ፣ የደርቤን ልክ መልሳ፣ ነገሩን ቀብራው ታድር ነበር። ነገ ግን ይህ ለስላሳ እጅ ያለው ልጅ የትርሲትን መቅኒ ያቃጥላል። ምክንያቱን ካላወቀ አያቆምም። የሚወርድባትን ሁሉ አንድ በአንድ አየችው፤ መርከቡ በሙሉ ሲጠየፋት፣ ልጅቷን ነጥቀው ለሌላ ቤተሰብ ሲሰጡባት።

«የሱ ኩባያ ጎምዛዛው የለበትም» አለች። «ያወጣሁበት እኔ ነኝ። ጠባሳው እንዲከፈት ነው። መቅኒዋን አትንካት፤ ጎምዛዛው ነው የጎደላት። ስጣትና ተመልከት፤ ሳይውል ሳያድር ፊቷ ይመለሳል።»

ደርቤ ክንዱን አየው፤ ከዚያ የልጅቷን ጉልበት አየ።

ዘርፌሽዋል መጋቢውን ለመሙላት ኪሷ የምትይዘውን ትንሽ የጎምዛዛ ጠርሙስ አውጥታ ወደ ልጅቷ ስትጠጋ ሚልክያስ እጇን ያዘው። ጠንከር አድርጎ አልያዘውም፤ ግን ያዘው።

«እርስዎ አይስጧት» አለ። «እኔ እሰጣታለሁ።»

ጠርሙሱን ተቀበላት። ልጅ አሳድጋ፣ የልጅ ልጅ አሳድጋ፣ ከእጇ ላይ መድኃኒት ሲቀሟት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በሩን ከፍታ ወጣች። ደርቤ ተከትሏት ወጣ።

በመተላለፊያው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። በመስኮቱ በረዶው ያልፋል።

«ለኔ ነበር ያሰቡት» አለ ደርቤ።

«ላንተ ነው።»

«ማን እንደሚጠጣው አላዩም።»

«አላየሁም።»

«እኔም ያን ዕለት ውስጥ ማን እንዳለ አላየሁም። ጭሱን አየሁ፤ እጀታውን ያዝኩ፤ ዘጋሁ።»

ዘርፌሽዋል ወደሱ ዞረች። ዓይኗ ደርቋል።

«እኩል ነን ልትለኝ ነው?»

«አላልኩም።»

«እንዳትል። አይደለንም። እኔ የጎዳኋት ነገ ቁርስ ትጠይቃለች። አንተ የዘጋህባት ግን አመድ ናት። እኩል የምንሆነው የኔም ብትሞት ነበር፤ ይኼን ደግሞ እግዚአብሔር አላሳየህም።»

ደርቤ የወረቀት አበባውን በእጁ ጨመደደው። «በየቀኑ የኔን ሞት ተመኝተው ምሳ ላይ ሲያዩኝ እንዴት ቻሉት?» አለ። ለመውቀስ አይመስልም፤ የምር ማወቅ የፈለገ ይመስላል።

«ሞትህን አልተመኘሁም። ክንድህን ነው።»

«ክንዴንማ ቢጠይቁኝ እሰጥዎ ነበር» አለና ሄደ።

ትርሲት በሁለተኛው ቀን ድዷ መድማቱን አቆመ። በሦስተኛው ቀን ገንፎ ቀጥኗል ብላ ተቆጣች። ዘርፌሽዋል ወደ አልጋዋ እንዳትጠጋ ስለተከለከለች ከመጋረጃው ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጣ ድምፅዋን ብቻ ትሰማለች። ሚልክያስ ልጅቷን ሲያጫውታት ይሰማታል።

«ፍየልም በሶ ካልጠጣች ቁስሏ ይከፈታል?» ትላለች ትርሲት፤ ፍየል በሥዕል ብቻ ነው የምታውቀው።

«ፍየል ጎምዛዛውን ራሷ ትሠራዋለች። እዚች ጋ፣ ጉበቷ ውስጥ፤ ከስኳር። ውሻም ይሠራል፤ ድመትም። እንዲያውም ፍየሏ ስትታመም ከሌላው ቀን የበለጠ ትሠራለች።»

«ሰውስ?»

«ሰው መሥሪያው አለው፤ ግን የተበላሸ ነው። ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው የተበላሸው፤ የቅድመ አያቶቻችን ቅድመ አያቶች ገና ዛፍ ላይ ሳሉ። ፍሬ በየዛፉ ስለነበር መበላሸቱን ልብ ያለው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከሌላ እጅ ካልመጣልን አንድንም።»

«ታዲያ ለምን አትጠግኑትም?»

«ይቻላል ይላሉ። እስካሁን ጎምዛዛ በሶ የሚሰጥ ሰው ስለማይጠፋ ማንም አልተቸገረም።»

ዘርፌሽዋል ከመጋረጃው ውጭ ይህን ሰማች። እጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው። የሻከረ፣ ደም ሥሩ የወጣ እጅ ነው።

ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። መርከቡ ወደ ቤት ለመመለስ ገና ብዙ ይቀረዋል፤ እስር ቤት የለውም፤ መጋቢውን የሚያውቅ ሌላ ሰውም የለውም። ሽማግሌዎቹ መመገቢያው አዳራሽ ተቀምጠው እንደ ወጉ ተበዳዩን ጠየቁ። ደርቤ ተነሣ። ዘርፌሽዋል ካሣ የሚጠይቅ መሰላት። ልጅቷን ይውሰዱባት የሚል መሰላት።

«ካሣ አልፈልግም» አለ ደርቤ። «ልጅቷን ከአያቷ አትለዩብኝ። እትዬ ዘርፌ ከኔ በቀር ማንንም መጉዳት አይፈልጉም፤ ይህን አሁን ሁላችንም አይተናል።» አንዳንዱ ሳቀ። «መጋቢውንም አትቀሟቸው። ለኔ ግን ማሽኑ አይቅዳልኝ። በሶዬን በእጃቸው በጥብጠው ይስጡኝ።»

«በእጃቸው?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «አትፈራም?»

«ሲሰጡኝ እነግራቸዋለሁ፣ የምፈልገውን።»

በማግስቱ ምሳ ላይ ዘርፌሽዋል የደርቤን በሶ ሰው ሁሉ እያየ በጠበጠች። ጎምዛዛውን ከጠርሙሱ አንስታ ጨመረች፤ የማር ቃናውን አልነካችውም። ኩባያውን ዘረጋችለት። ደርቤ ተቀበለና አልጠጣም። መልሶ ዘረጋላት።

«ይቅመሱልኝ» አለ።

በጥንት ዘመን አሳላፊ ጠጅ ሲቀዳ መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምስ ነበር አሉ፤ መርዝ የለበትም ለማለት። ይህን ወግ ሁሉም ሰምቶታል፤ ሲደረግ ግን ያየ የለም። ዘርፌሽዋል ኩባያውን ይዛ ደርቤን አየችው። ጠላችው። ትናንት እንደጠላችው ዛሬም፣ እንዲያውም ትንሽ በለጥ አድርጋ ጠላችው። ፍየል ብትሆን ኖሮ ይህን ሰው ዞር ብላ ሳታየው ዕድሜዋን በጨረሰች፤ እሱም እሷን። ሰው ሆኑና ክንዱ ተዘግቶ የሚቆየው በሷ እጅ ሆነ፤ እሱም ይህን አውቆ የሷን እጅ መረጠ። ምሕረት ይሁን በቀል አልለየችውም። እሱም የለየው አይመስልም።

ፉት አለች። መንጋጋዋ እስኪጨማደድ ጎመዘዛት። ኩባያውን መለሰችለት።

«ጠጣ» አለችው። «እስከ ታች።»

ደርቤ ጠጣና ባዶውን ኩባያ አሳይቷት ሄደ። ቀጥላ የነበረችው ነፍሰ ጡር ሴት መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ በሶዋን ወሰደች። አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ተመለሰች። እየተሽኮረመመች ኩባያዋን ወደ ዘርፌሽዋል ዘረጋች።

«አይቀየሙኝ፣ እትዬ። ለልጁ ብዬ ነው።»

ዘርፌሽዋል ቀመሰችላት። ከኋላዋ ያለውም ሰው ዘረጋ። ከሱ ኋላ ያለውም። ሰልፉ እንደ ወትሮው ሳይሆን በዝግታ ተጓዘ፤ ሰው ሁሉ ከመጋቢው ይቀበላል፤ ከዚያ ወደሷ ይመጣል። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ሁሉም «እግዜር ይስጥልን» ይላል። ምላሷ ደነዘዘ፤ ጥርሷ ጠረሰ። ነገም እንዲሁ ነው፤ ከነገ ወዲያም። ዛሬ ቀመሰችልን ብሎ ለነገ የሚያምናት የለም።

መጨረሻ ላይ ልጆቹ መጡ። ትርሲት ጉልበቷ በነጭ ጨርቅ ታስሮ፣ ትንሽ እያነከሰች፣ መዳፏን ለጠፈች። መጋቢው በሶዋን ሰጣት። ወደ ክፍሏ ትሄዳለች ብላ ዘርፌሽዋል መንገድ ለቀቀችላት። ትርሲት አልሄደችም። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ዘረጋችው።

«እማማ፣ የኔንም ቅመሽልኝ።»

ልጅ ያየችውን ነው የምታደርገው፤ ሰው ሁሉ ሲያደርግ አይታ ይሆናል። ዘርፌሽዋል ዓይኗን አተኩራ አየቻት፤ ጨዋታ ይሁን ፍርሃት ከፊቷ ላይ ልታነብ ፈለገች። አልቻለችም። ልትጠይቃትም አልደፈረችም። ጎንበስ ብላ ከልጅቷ ኩባያ ፉት አለችና፣ ትርሲት ጠርዙን ወደ አፏ እስክታስጠጋ ድረስ ቆማ ጠበቀች።